«ቴምፕል ግራንዲን»፦ ትምህርት ቤትን በአንዲት ቀዳዳ ማየት

አንድ ክፍል አስቡ። ግድግዳው ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስታዩ ተራ ክፍል ነው፤ ወለል፣ ጣሪያ፣ መስኮቶች። ግራ ጥግ ላይ የቆመው ሰው ግን ድንክ፣ ቀኝ ጥግ ላይ የቆመው ደግሞ ግዙፍ ሆኖ ይታያችኋል። ቦታ ሲለዋወጡ ድንኩ እየሄደ ያድጋል፣ ግዙፉ እየሄደ ያንሳል። ይህ «የኤምስ ክፍል» ይባላል። አሜሪካዊው የዕይታ ተመራማሪ አደልበርት ኤምስ የሠራው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ምስጢሩ ጂኦሜትሪ ነው። የግራው ጥግ ከቀኙ ሁለት እጥፍ ያህል ይርቃል። ወለሉ ወደዚያ ሲሄድ ያዘቀዝቃል፣ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ የራቀው መስኮትም በዚያው ልክ ተለቅ ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ ከዚያች አንዲት ቀዳዳ ሲታይ ብቻ ሁሉም ነገር እኩል ይመስላል። 3 ሜትር ላይ የቆመ ሰው 6 ሜትር ላይ ሲሄድ ዓይናችን ውስጥ የሚያርፈው ምስሉ በግማሽ ያንሳል። አእምሯችን ግን «ክፍል ማለት አራት ማዕዘን ነው» ብሎ ስላመነ ክፍሉን ከሚጠራጠር ሰውየውን ማሳጠር ይቀለዋል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብትሉ ወይም በሁለት ዓይናችሁ ብታዩ ማታለሉ ይፈርሳል።

በ2010 ኤችቢኦ የሠራው «ቴምፕል ግራንዲን» የተባለው ፊልም ለዚህ ክፍል ብዙ ደቂቃ ይሰጣል። ፊልሙ በ1947 ቦስተን ውስጥ ስለተወለደችው፣ ኦቲዝም ስላለባት የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ነው። ክሌር ዴንስ ግራንዲንን ሆና ትሠራለች። እናቷን ጁሊያ ኦርመንድ፣ የሳይንስ መምህሯን ዴቪድ ስትራዘርን ይጫወታሉ። ሦስቱም ኤሚ ሽልማት ወስደውበታል፣ ዳይሬክተሩ ሚክ ጃክሰንም እንዲሁ።

ስለዚህ ፊልም አሁን የምጽፈው ለምን መሰላችሁ? አንድ ቤተሰብ «ልጃችሁ ኦቲዝም አለበት» ሲባል፣ ከዘመድ ወይ ከጓደኛ አንዱ ይህን ፊልም ይልክላቸዋል። «እዩት፣ ተስፋ አለው» ይላል። ለእህቴም ተልኮላታል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ዓለምን እንዴት እንደሚሰማ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ፊልም አላየሁም። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ትምህርት ቤት እንዴት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ ግን ደካማ ነው፤ ከደካማም አልፎ አሳሳች ነው። ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሳው ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ከጥሩው ልጀምር። ወጣቷ ቴምፕል አክስቷ ከብት እርባታ ስትደርስ የጣሪያው ማራገቢያ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶ ይጮኻል። በራሱ የሚከፈተው የሱቅ የመስታወት በር ለእሷ እንደሚወርድ ስለት ነው። የከብት በር ስታይ ማዕዘኖቹና መስመሮቹ በስክሪኑ ላይ በነጭ ይሳላሉ፤ ንድፍ ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ኦቲዝም ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በንግግር፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በተደጋጋሚ ባህርይ ነበር የሚገለጸው። ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪ ከመጠን በላይ ወይም በታች ምላሽ መስጠት የአሜሪካ ሐኪሞች ከሚጠቀሙበት የምርመራ መመሪያ መስፈርቶች ውስጥ የገባው በ2013 ነው። ፊልሙ በሦስት ዓመት ቀድሞታል። ግራንዲን ራሷ ደግሞ በ1986 ባሳተመችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ይህንኑ ጽፋ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንምጣ። ፊልሙ የሚነግረን ታሪክ አጭር ነው። ሐኪም ለእናቲቱ «ኦቲዝም ነው» ይላታል፤ ጥፋቱም ከእሷ ፍቅር ማጣት የመጣ እንደሆነ ያሳስባታል፤ ልጅቷን ተቋም ውስጥ አስገቢ ይላታል። እናት እምቢ ትላለች። ከዚያ ዓመታት ዘለው ቴምፕል ከሌላ ትምህርት ቤት ተባራ አዳሪ ትምህርት ቤት በር ላይ ናት። እናትየው ልጇን ትታ ለመሄድ ስትንገዳገድ ዶክተር ካርሎክ የተባለ የሳይንስ መምህር ብቅ ይላል። ልጅቷን ይረዳታል፣ የኤምስን ክፍል አሳይቶ «እስቲ ምስጢሩን አግኚው» ይላታል፣ ታገኘዋለች። በቃ፤ ትክክለኛው ትምህርት ቤት ተገኘ።

ስትራዘርን እዚህ ላይ ድንቅ ነው፤ እንዲህ ዓይነት አስተማሪ የማይመኝ የለም። ግን ታሪኩ የታየው በአንዲት ቀዳዳ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን በሉና የግራንዲንን እውነተኛ ሕይወት ተመልከቱ።

በሁለት ዓመቷ የተሰጣት ስም ኦቲዝም አልነበረም፤ «የአንጎል ጉዳት» ነበር። ኦቲዝም የሚለውን እናቷ ያገኘችው ልጅቷ ጎረምሳ ከሆነች በኋላ፣ አንድ የምልክቶች ዝርዝር እጇ ገብቶ ነው። ለነገሩ ኦቲዝምን ሊዮ ካነር 11 ልጆችን ገልጾ የጻፈበት ከታወቀ በ1943 ነው፤ ግራንዲን በተወለደች ጊዜ ዕውቀቱ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። ይህ ለምን አስፈለገ? እናትየው፣ ዩስቴሺያ ከትለር፣ ትምህርት ቤት የመረጠችው በምርመራ ወረቀት አልነበረማ! ልጇን እያየች ነው። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ያለው ያ አዳሪ ትምህርት ቤትም ቢሆን «የኦቲዝም ትምህርት ቤት» የሚል ታፔላ አልነበረውም። አእምሯቸው ብሩህ ሆኖ ስሜታዊ ችግር ላለባቸው ልጆች በ1948 በአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ የተከፈተ ትንሽ፣ ገጠር ያለ፣ ፈረሶች ያሉት ቦታ ነበር።

ከዚያም በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ ፊልሙ ስለሱ ምንም የሚል አይመስልም። ቴምፕል የንግግር ሕክምና አግኝታ፣ ሞግዚቷ ተራ መጠበቅ በሚጠይቁ ጨዋታዎች ሰዓት ሙሉ እያሠራቻት፣ ጥቂት ልጆች ያሉበት ትንሽ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች፤ ተሳካላትም። ከዚያ ወደ ትልቅ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ተዛወረች፤ እዚያ ነገሩ ፈረሰ። በ14 ዓመቷ የሰደበቻትን ልጅ በመጽሐፍ ወርውራ ተባረረች። ከዚያ ትንሹ አዳሪ ትምህርት ቤት፤ ቀስ በቀስ እንደገና ተሳካ።

መሐንዲስ ይህን ሲያይ ልቡ ይቆማል። አንድ ዕቃ በሁለት ዓይነት ጭነት ተፈትሿል ማለት እኮ ነው። ልጅቷ ያችው ናት፤ የተለወጠው ዙሪያዋ ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ማለት ለየትምህርቱ የተለያየ አስተማሪ፣ በየደወሉ ክፍል መቀየር፣ የተጨናነቀ ኮሪደር፣ የማያቋርጥ ጫጫታ ማለት ነው። በእርግጥ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ዕድሜዋም ጨምሯል፣ ጉርምስናም አለ፣ ስለዚህ ማስረጃ ነው ብዬ አልሞግትም። ግን ፊልሙ ውስጥ ካለው ሁሉ ወላጅን የሚጠቅመው ይህ ነበር፤ እሱ ግን በጥቂት ቃላት ታልፏል። ቦታው ለአንድ ጀግና መምህር ተሰጠ።

ገንዘቡንም አትርሱ። የግራንዲን ቤተሰብ ሀብታም ነበር። (የእናቷ አባት አውሮፕላን በራሱ እንዲበር የሚያደርገውን መሣሪያ ከፈለሰፉት አንዱ ነው። እኔ ብሆን ፊልሙ ውስጥ አስገባው ነበር።) የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳተኛ ልጆችን ሁሉ እንዲያስተምሩ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1975 ነው፤ እሷ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰች ወደ አሥር ዓመት ገደማ በኋላ። ስለዚህ «እናት እምቢ አለች፣ ልጅ ዳነች» የሚለው ግማሽ ታሪክ ነው። እምቢ ብለው ገንዘብ ያልነበራቸው እናቶችስ? ፊልም አልተሠራላቸውም።

ሌላው ቅሬታዬ ከራሱ ከኤምስ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። ካርሎክ ልጅቷን ያገኛት በችሎታዋ በኩል ነው፤ በስዕል ታስባለች፣ ስለዚህ የዕይታ እንቆቅልሽ ይሰጣታል። ጥሩ። ግን ፊልሙን ያየ ዘመድ ሁሉ «የእናንተው ልጅስ ምኑ ላይ ጎበዝ ነው?» ማለት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ በንግግር የማይግባቡ አሉ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አብሮ ያለባቸው አሉ፣ ምንም የተለየ ተሰጥኦ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ልክ እንደ እኔና እንደ እናንተ። ግራንዲን ራሷ መጀመሪያ ላይ ኦቲዝም ያለበት ሁሉ እንደ እሷ በስዕል የሚያስብ መስሏት ነበር፤ በ2006 በታደሰው የመጽሐፏ እትም ይህን አርማ በቃላትና በቅርጽ ሥርዓት የሚያስቡም እንዳሉ ጽፋለች። ፊልሙ የወጣው ከዚያ በኋላ ቢሆንም እርማቱ አልደረሰውም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልውሰዳችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የዕድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች በሚያሳድጉ 102 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2016 የታተመ ሥራ አለ። ምን አጣችሁ ተብለው ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ያነሱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነው። ከሕክምናም፣ ከገንዘብም በላይ። ጥናቱ የተሠራው ደግሞ አገልግሎት በተሻለ በሚገኝባት ከተማ ነው። እህቴም ከእነዚህ እናቶች አንዷ ናት። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጥቂት ቃላት ይናገራል፣ የውኃ ቧንቧ ይወዳል፤ ወንፊት ከሰጣችሁት ግማሽ ቀን ዝም ብሎ ይሠራል። ባለፈው ዓመት አንድ የግል ትምህርት ቤት «የልዩ ፍላጎት ክፍል ከፍተናል» ሲል አብረን ሄድን። ግድግዳው በቢጫና በሰማያዊ ተቀብቷል፣ ፊደሎች ተለጥፈዋል፣ መጫወቻዎቹ አዲስ ናቸው፤ ልጆች ግን የሉም፤ ቅዳሜ ነበር። እህቴ ደስ አላት። እኔ ክፍሉ መሃል ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ። ድምፁ አልሞት አለ።

እስቲ አብረን እናስላ። በ1895 ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር (የሚገርመው፣ እዚያው ቦስተን አጠገብ ሃርቫርድ ውስጥ) ንግግር የማይሰማበት አንድ አዳራሽ አስተካክል ተባለ። ማታ ማታ ከጎረቤት ቲያትር የወንበር ትራሶችን እያስመጣ፣ በሰዓት መቁጠሪያና በኦርጋን ቧንቧ እየለካ አንድ ቀላል ቀመር አገኘ። ድምፅ ከቆመ በኋላ እስኪጠፋ የሚወስደው ጊዜ በሰከንድ፣ 0.161 በክፍሉ ይዘት ተባዝቶ ክፍሉ ድምፅ ለሚውጥበት ስፋት ሲካፈል ነው። ይህን ስፋት ሳቢን «እንደ ተከፈተ መስኮት» ነበር የሚቆጥረው፤ በክፍት መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስማ።

8 ሜትር በ7 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ ይዘት አለው፤ ወለሉ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ሲደመር 202 ካሬ ሜትር ነው። ስሚንቶና ልስን ከሚመታው ድምፅ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይውጣል፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ገጽ እንደ 6 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ነው። ውጤቱ 4.5 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። አሥር ልጆችና አንድ አስተማሪ ሲገቡ ልብሳቸውና ገላቸው ትንሽ ስለሚውጥ ወደ 2.7 ይወርዳል። በአሜሪካ መስፈርት እንዲህ ላለ መማሪያ ክፍል የሚፈቀደው፣ ባዶውን ሆኖ፣ 0.6 ሰከንድ ነው። በ2.7 ሰከንድ ውስጥ አስተማሪዋ አምስት ስድስት ቃል ትናገራለች፤ ሁሉም እርስ በርስ ይደራረባል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች በጫጫታ ውስጥ ንግግር ነጥሎ መስማት ከሌላው ይበልጥ ያስቸግራቸዋል። ፊልሙ ውስጥ ያለውን ማራገቢያ አስታወሳችሁ? ያንን በስድስት ሰዓት ትምህርት አባዙት።

መፍትሔውን ደግሞ እዩት። ከ56ቱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ሥር 70 በመቶ የሚውጥ ለስላሳ ኮርኒስ ብታደርጉ፣ ልጆቹ እያሉበት፣ 0.6 ሰከንድ አካባቢ ትደርሳላችሁ። ግማሹን ለማግኘት ወፍራም ምንጣፍና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጥጥ ፍራሽ ይረዳል። ለዳይሬክተሩ ይህን ስነግራቸው በትህትና አዳመጡኝና ስለ ዩኒፎርም ዋጋ ማስረዳት ቀጠሉ።

ባዶ ክፍል ቅዳሜ ቀን ማየት ያው የኤምስ ቀዳዳ ነው። ከዚያች ነጥብ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ታናሽ ወንድም፣ እህት ወይ የአክስት ልጅ ያላችሁ፣ ከእናት ከአባት ጋር ትምህርት ቤት ለማየት ብትሄዱ፣ ተራ ቀን፣ ረፍት ሰዓት ላይ ሂዱ። አንድ የማይናገር ልጅ ውኃ ሲጠማው በምን ይጠይቃል? በስዕል ካርድ፣ በእጅ ምልክት፣ ወይስ እስኪያለቅስ ይጠበቃል? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ «እናውቅለታለን» ከሆነ ልጁ ከእነሱ ሌላ ሰው ጋር ሲሆን ምን ሊውጠው ነው? ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር የሚያውቅበት የስዕል ፕሮግራም ግድግዳው ላይ አለ ወይ? ጫጫታው ሲበዛበት የሚሸሸግበት ጥግ አለ? ያ ጥግስ ለመቀጫ ነው የሚጠቀሙበት ወይስ ለማረፊያ? ይህን ዳይሬክተሩን ሳይሆን ረዳት መምህሯን ጠይቋት።

«እናድነዋለን» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ቁጥሩን አምጡ በሉት። አንዳንዴ የሚመዘዘው የኢቫር ሎቫስ የ1987 ጥናት ነው፦ በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ሥልጠና ከተሰጣቸው 19 ሕፃናት 9ኙ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ሆኑ የሚል። ልጆቹ ግን ለቡድኖቹ በዕጣ የተደለደሉ አልነበሩም፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው፤ ሥልጠናው ውስጥ ቅጣት ነበረበት። እንዲህ ካለ ጥናት ተነስቶ ለአንድ ልጅ ተስፋ የሚሸጥ ሰው ስታቲስቲክስ አልተማረም፣ ወይ ተምሮ ረስቶታል።

ፊልም ሊሠራላት የሚገባ ሴት በእኛም አገር ነበረች። ዘሚ የኑስ የውበት ባለሙያ ነበረች፤ ከአሜሪካ ተመልሳ አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፈተች። ኦቲዝም ላለበት ልጇ ትምህርት ቤት ብትፈልግ የሚይዘው ጠፋ። በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርታ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ ከፈተች። በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ስለ ኦቲዝም በየመድረኩ ስትናገር ኖራለች። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያለችው ዘዴዋ ነው፤ በፊደላችን ድምፆች ላይ ተመሥርቶ ልጆች አፋቸውን እንዲፈቱ የሚረዳ። የአማርኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም መሆኑ፣ «በ»ን እንደ ሁለት ድምፅ ሳይሆን እንደ አንድ ነገር ማሳየት መቻሉ፣ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ምን ያህል ያግዛል? ቤተ ሙከራ ገብቶ በደንብ ሊለካ የሚገባው ጥያቄ ነው። ከእናንተ መካከል የቋንቋ ሳይንስ ወይ ምሕንድስና ልታጠኑ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የመመረቂያ ርዕስ ይኸውላችሁ።

ፊልሙን እዩት፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ አያሰለችም። ድምፁን አታሳንሱት፣ ማራገቢያው ላይ በተለይ። እኔ ብሠራው ኖሮ አንድ ትዕይንት እጨምርበት ነበር፦ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተራ ረቡዕ ጠዋት፣ ካርሎክ በሌለበት፣ ቴምፕል ቁርስ በልታ ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ስትሄድ፣ ማንም ሳያስቸኩላት።